«ሆናለች»ን «ሆኗል» ብዬ ያረምኩ ዕለት

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ባለፈው ሰኔ የሌላ ሰው ሽልማት ልቀበል መድረክ ላይ ወጥቻለሁ። ያውም ጽሑፉን በገዛ እጄ አስተካክዬ። ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ እስካሁን ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ ስለምስቅ ሊረሳልኝ አልቻለም።

ስሜ ደስታ ነው። እዚሁ ሶዶ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮሚኒኬሽን አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች ማኅበር አለን፤ በየዓመቱ ለአንድ ተማሪና ለአንድ መምህር የዕውቅና ሰርተፍኬት ይሰጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን አልደረሰኝም። «እኔ ሽልማት ምን ያደርግልኛል» እያልኩ ነው የኖርኩት። እውነቱን ለመናገር ሳሎን ግድግዳ ላይ ቦታውን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ማርቆስ ይባላል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲጽፍ ግን ወንድና ሴት ይምታታበታል። አንዴ «ዲኑ ስብሰባ ጠርታለች» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ስለዚህ የሚነበብ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። የፕሮግራሙ ዋዜማ በቴሌግራም ሁለት ፋይል ላከልኝና «ጋሼ፣ አማርኛዋን እያት» አለኝ።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። «ደስታ ዝምተኛ ናት። ሻንቶ ገበያ ድረስ እየሄደች የሰው ችግር አዳምጣለች። ለብዙዎች ድምፅ ሆናለች» ይላል። የአባት ስም የለውም፤ ሙሉ ስሙን ዲኑ ከሰርተፍኬቱ ላይ ነው የሚያነበው።

ከተወለድኩ ጀምሮ ዝምተኛ ያለኝ ሰው የለም። «በመጨረሻ ውስጤን ያየ ሰው ተገኘ» አልኩ። ሻንቶ ገበያም ሄጃለሁ፤ አቮካዶ ተወደደብኝ ብዬ ከሻጯ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክሬያለሁ። እሷ ስታወራ ማዳመጤ አይቀርም። «ይሄ ማርቆስ ዛሬ ደግሞ እኔን ሴት አደረገኝ» ብዬ «ናት»ን «ነው»፣ «ሆናለች»ን «ሆኗል» አድርጌ መለስኩለት። ሁለተኛውን ፋይል አልከፈትኩትም። የእኔ ካለቀ የሌላው ምን ቸገረኝ?

በማግስቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ኮት የለበሱ አንድ አባት ነበሩ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሌላ አገር ነው፤ ይኸው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወላይትኛዬ ከሰላምታ አላለፈም። ሰላም ስላቸው ወዲያው ነቁብኝና ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ያወሩኝ ጀመር። ከቢጠና በጠዋት ተሳፍረው ነው የመጡት።

«ልጄ ይሸለማል ብሎ ጠራኝ» አሉ። «እኔ ጤና ተማር ብዬው ነበር። ጤና ቢማር ኦቶና ሆስፒታል ይቀጠራል። እንቢ አለ፣ ኮሚኒኬሽን አለ። ምንድነው ስል መናገር ነው አሉኝ። መናገር ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ? ዛሬ አያለሁ። ከንቱ ነገር ከሆነ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለከርሞ ጤና ይጀምራል።»

«አይዞዎት፣ ጎበዝ ልጅ ይሆናል» አልኳቸው። ጆሮዬ ግን የራሴን ስም ነው የሚጠብቀው።

መድረክ መሪው ያረምኩትን አንድም ሳያስቀር አነበበ። «ደስታ ዝምተኛ ነው…» ሲል ከኋላ ሳቅ ሰማሁ፤ ምቀኞች ናቸው ብዬ አለፍኩ። «ደስታ ወደ መድረክ ይምጣ!» ሲል ብድግ አልኩ። ሰውየውም እያጨበጨቡ አብረውኝ ብድግ አሉ። ለእኔ ክብር የተነሱ መስሎኝ እጃቸውን ጨብጬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ።

ዲኑ ሰርተፍኬቱን ገልጦ «ተማሪ ደስታ ባሳ» ብሎ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደስታ ከበደ ነኝ። ተማሪም አይደለሁም።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ ግማሽ ተነስታ ግማሽ ተቀምጣለች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ ስለማላውቅ ትዝም አላለችኝ። ሰውየውን አየሁ። እሳቸው ልጅቷን እያዩ ኮፍያቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተዋል፤ ሊሄዱ ነው። «ልጄ ይሸለማል» ያሉት እሷን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ልጠራት ነው የወጣሁት» ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። አፌ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጣን ነው። ግን ሰውየው ኮፍያቸውን እንደያዙ ናቸው። ማይኩን ለመንኩና «ጽሑፉ ስለ እኔ መስሎኝ ሴቷን ወንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማርቆስ በሕይወቱ አንዴ ትክክል ጻፈ፣ እሱንም እኔ አበላሸሁት» አልኩ። ከስልኬ ላይ እሱ እንደጻፈው እንደገና አነበብኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ልጅቷ መጣች። ዝምተኛዋ ልጅ ማይኩን ከእጄ ተቀብላ ለአባቷ በወላይትኛ ተናገረች። እኔ የገባኝ «ሻንቶ» የሚለው ብቻ ነው፤ የኮሚኒኬሽን መምህር ነኝ እንግዲህ። ኋላ ማርቆስ ሲነግረኝ፣ የሻንቶ ነጋዴ ሴቶች ዝናብ ላይ ተቀምጠው እንደሚሸጡ በኮሌጁ ሬዲዮ አሰምታ፣ ጥላ እንደተሠራላቸው ነው ያወራችው። አባትየው ኮፍያቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

የመምህሩን ሽልማት ሌላ መምህር ወሰደ፤ ስሙ ደስታ አይደለም። ሳሎን ያዘጋጀሁት ቦታ ላይ ባለቤቴ ሰዓት ሰቅላበታለች። አሁን ሳስበው ብዙም አላፍርም። የማርቆስን ጽሑፍ ግን ደውዬ ሳልጠይቅ አልነካም።

ያን ቀን ስንወጣ አባትየው በር ላይ ጠብቀው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄን አልወስደውም፣ ይጨርስ» አሉኝ። «አንተም አይዞህ። በርትተህ አስተምር፣ ለከርሞ ይሰጡሃል።»