ዳክዬዋ ያለችበት መጽሐፍ

ነሐሴ ሲጋመስ እዚህ ኦክላንድ ሱቆች በር ላይ እርሳስና ደብተር ይከመራል። እኔ አሁን የምማረውም የማስተምረውም ነገር የለኝም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቆም ብዬ አንድ ላጲስ አነሳና አሸተዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግድም የለኝም። ያ ሽታ ልጅ እያለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ወደሞላኝ ክረምት ይዞኝ ይሄዳል። ክረምት የምለው በልማድ ነው እንጂ እዚህ አገር በነሐሴ ከሰማይ ጠብ የሚል ነገር የለም። እማዬ ከትምህርት ቤት አውጥታ ቤት ልታስተምረኝ የወሰነችው ያን ጊዜ ነው።

አመጣጤን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ነው። ቀድሞን አሜሪካ የገባው አባዬ ካርዴን በስልክ ሁለት ጊዜ አስነብቦኛል። የኔ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ ለኛ ሰው ማለት ወይ ያለፈ ነው ወይ የወደቀ። የወደቀው «ደጋሚ» ይባላል። ደጋሚ ከኋላ ይቀመጣል፣ ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ስሙ ሲጠራ ይሳቅበታል። ከዚያ የባሰ ውርደት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ኦክላንድ ስንገባ ዕድሜዬን አይተው ሦስተኛ ክፍል ከተቱኝ። እንግሊዝኛ የማውቀው ፊደሉንና «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት» የምትለዋን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያነብ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆየሁ። ያመጣሁት ሪፖርት ካርድ ደረጃ የለው፣ ቀይ እስክሪብቶ የለው፤ ባጭሩ «ደስ የምትል ልጅ ናት» ይላል። አባዬ ተርጉሞልን ደስ አለው። እማዬን ግን ደስ አላላትም። ሳን ሆዜ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ፕሮግራም ላይ፣ ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እኔ እነሱን አይቼ ስገልጥ አየችኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ማንበብ አትችይም አይደል?» አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያ በቃት።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ፣ «ሆምስኩል» የሚያደርጉ ጥቂት እናቶች ነበሩ። የሁሉም ፊታውራሪ እህት ሮማን ናት። እማዬ እሷን ካማከረች በኋላ ለአባዬ ነገረችው። እማዬ አገር ቤት አስራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ እየገባች አረጋውያን ትንከባከባለች።

«ትምህርት ቤቱ አውቶብስ በር ድረስ እየላከልን ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ትማር?» አለ አባዬ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አያነብላትም» አለችው። «አንድ ዓመት ስጠኝ። በዓመቱ ካላነበበች አንተው መልሰህ ውሰዳት።»

አባዬ ሰጣት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ዕቃ ልንገዛ የሄድነው በእህት ሮማን ቫን ነው፤ ኮንኮርድ ከተማ፣ መምህራንና ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ወደሚገዙበት ትልቅ ሱቅ። ልጇ ቤቲ አብራን አለች። ቤቲ እዚሁ የተወለደች የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ በአማርኛ የተባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ለዚያውም ሳትጠየቅ። ሱቁ ውስጥ ስገባ አፌን ከፈትኩ። ግድግዳ የሚያክል ካርታ፣ በሣጥን የታሸገ ጠመኔ፣ የፕላስቲክ ሳንቲም፣ የሚለጠፍ ኮከብ፣ ሽታው የሚያሰክር ከለር። አዲስ አበባ ለዓመቱ የሚገዛልኝ አንድ ላጲስ ነበር፤ እሱም እንዳይጠፋ ተበስቶ በክር አንገቴ ላይ ይታሰራል። እዚህ ላጲስ እንደ ሽንብራ በቅርጫት ተቆልሏል።

ከጣሪያው ትልልቅ ቁጥሮች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ቁጥር ሥር የዚያ ክፍል መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ሽፋናቸው ላይም ያው ቁጥር ጡጫ አክሎ ታትሟል። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ አራት ቁጥር ሥር ሄድኩ፤ ሦስተኛን ጨርሻለሁ፣ አራተኛ ነኝ፣ አለቀ። ነጭ ፈረስ ያለበት መጽሐፍ መርጬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

እማዬ ከወዲያኛው ጥግ መጣች። በእጇ የያዘችው መጽሐፍ ላይ አንዲት ዳክዬ ቢጫ ቦት ጫማ አድርጋ ዝናብ ውስጥ ቆማለች። ከዳክዬዋ አጠገብ «1» ታትሟል።

«የማነው?» አልኳት።

«ያንቺ።»

ይሄኔ ቤቲ ከየት መጣች ሳልል ከተፍ አለች። ብብቷ ሥር ያቺው ዳክዬ አለች። «ማሚ፣ ሉክ! ሺ ሃዝ ማይ ቡክ!» ብላ ጮኸች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ደግሞ፣ «ባት ሺ ኢዝ ቢግ!» አለች።

«አፍሽን ሰብስቢ አንቺ!» እህት ሮማን ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«እኔ ደጋሚ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። ሱቁ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ያልኩት የገባው ግን ለኛው ሰዎች ብቻ ነው። ሒሳቡን ስሠራው ደግሞ ከመድገምም የባሰ ሆነብኝ። ከአራት ወደ አንድ! እንዲህ የወደቀ ልጅ ሰምቼም አላውቅ።

እህት ሮማን ለእማዬ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ በጌታ፣ ለጊዜው ሦስተኛውን ያዢላት። ልጅቷን በሰው ፊት አታሳቅቂያት» አለቻት።

እማዬ ፈረሱን ከደረቴ ላይ ወሰደችና ገለጠችው። «ነይ። አንዲት መስመር ብቻ አንብቢልኝ፣ አሁኑኑ እገዛልሻለሁ።»

ገጹን አየሁት። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ናቸው። «ስለ ፈረስ ነው» አልኳት።

«ሥዕሉንማ እኔም አየሁት።»

ቀጥላ ተንበርክካ ዳክዬዋን ገለጠችልኝ። አንዱን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን እየተንገዳገድኩ ጨረስኩት። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል መንገድ ዘጋብኝ። እማዬ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም አለች። ጨከነችብኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ቃሉን እሷም አታውቀውም።

«መነሻሽ እዚህ ነው» አለች ከጉልበቷ ተነስታ። «ደጋሚ የሚባለው ተምሮ የወደቀ ነው። አንቺን ማን አስተማረሽና ነው የወደቅሽው?» ፈረሱን ቦታው መልሳ ከፋይ ሰልፍ ላይ ቆመች። እንድትታረቀኝ ይሁን አላውቅም፣ «ቦርሳ ልግዛልሽ?» አለችኝ። «ወዴት ልሄድበት?» አልኳት። እህት ሮማን ሳቋ አመለጣት፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ቤት ስንደርስ አባዬ ዳክዬዋን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ የኔን ፊት ሲያይ ሊያጽናናኝ ፈለገና፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ዳክዬ ያሸከሙኝ ሳያንስ እንቁላል ሆንኩ።

እማዬ የገበያ ወረቀት ከረጢቶችን ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መጽሐፎቹን መለበድ ጀመረች። አገር ቤት ደብተር ሳይለበድ ትምህርት አይጀመርም፤ የኔ ትውልድ በጋዜጣ ይለብድ ነበር። የእማዬ እጥፋት ተጣመመ። አባዬ ትንሽ ታገሠና፣ «ኧረ እንዲህ አይደለም የሚለበደው!» ብሎ መቀሱን ነጠቃት። ጠርዙን በጥፍሩ እየዳጠ፣ ጥጉን እንደ ፖስታ እያጠፈ ለበደው። ቡናማው ወረቀት ዳክዬዋንም ዋጣት፣ ቁጥሩንም ዋጠው። ከዚያ አባዬ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ «ስም» ብሎ ስሜን ጻፈ። «ክፍል» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶው ቆመ። እማዬን አያት።

«እሱን ዝለለው» አለችው።

ዘለለው። እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ።

ዓመቱ የሚያምር ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ እማዬ ስሜን ከነአባቴ ትጠራለች፣ እኔ ብቻዬን «አቤት!» እላለሁ። ጠረጴዛው ላይ የሽንኩርት ሽታና የአዲስ ከለር ሽታ ይቀላቀላል። የማናውቀውን ቃል ሁለታችንም ተጎንብሰን ከመዝገበ ቃላት እንፈልጋለን፤ ያ ሱቅ ውስጥ ያሸነፈን ቃል ትንሽ ኩሬ ማለት ሆኖ ተገኘ። ታኅሣሥ ላይ የኦክላንድ ዝናብ ሲመጣ እማዬ በራችን ላይ ያቆረውን ውሃ እያሳየች፣ «ይኸው ፐድል!» ብላ በሥራ ጫማዋ ዘላ ገባችበት። ተጣልተንም እናውቃለን። እርሳስ ወርውሬ አውቃለሁ። እሷም «አባትሽ እውነቱን ነው!» ብላ መጽሐፉን ዘግታ አልቅሳ ታውቃለች። በማግስቱ ግን ስሜ ይጠራል።

ዓመቱ ሞላ። ዳግመኛ ኮንኮርድ ስንሄድ አባዬ ራሱ ይዞን ሄደ። እማዬ በሩ ላይ፣ «ግቢና ምረጪ» አለችኝ። አምስት ቁጥር ሥር ሄድኩ፤ በዕድሜዬ እዚያ ነኝ። ገልጬ ሞከርኩት፣ አልሆነም፣ መለስኩት። ከአራት ቁጥር ሥርም አንዱን ገለጥኩ፤ ግማሹን ይዤ ግማሹ ፈሰሰብኝ። ከሦስት ቁጥር ሥር ያነሳሁት ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ተሰናክዬ ገጹን ጨረስኩት። እሱን ይዤ ወጣሁ። ማንም «ሦስተኛ ነሽ» አላለኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

አባዬ ቁጥሩን አየ። መጽሐፉን ተቀብሎ መሐሉ ላይ ገለጠና፣ «እስቲ» አለኝ። ከፋይ ሰልፍ ላይ እንደቆምን አነበብኩለት፤ እንደ እማዬ አነጋገር እያንዳንዱን ቃል እየረገጥኩ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ጋሪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ገጹ ሲያልቅ በቃ ይላል ብዬ ቀና አልኩ። አባዬ ገጹን ገለጠልኝ። «ቀጥዪ» አለኝ።

እማዬ ወደ ላጲሱ ቅርጫት ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ የሚያኮራ ነገር ትጠብቁ ይሆናል። ሰባተኛ ላይ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፣ ሃይስኩል ጨረስኩ፣ ኮሌጅ አልሄድኩም። ሥራ እቀያይራለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። እማዬ ሰው «ልጅሽ ምን ደረሰች?» ሲላት፣ «የምታነብ ናት» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ሄይዋርድ ከተማ አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። ልጁ ሊዲያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እነሱም ሆምስኩል አድርገዋታል። የዓመቱን ዕቃ አጎቴ ከሶፋው ሳይነሳ ኦርደር አደረገው፣ በነጋታው በካርቶን ታሽጎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ትምህርቱ ታብሌት ውስጥ ነው፤ ታብሌቱ ይፈትናታል፣ ደረጃዋን ያውቃል፣ የሚመጥናትን ይሰጣታል። ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሳቀቅም።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» አልኳት።

«አይ ዶንት ኖው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ዘ ታብሌት ኖውስ።»

ቀናሁባት። እውነቴን ነው፤ እኔ ያየሁትን የቁጥር ጡጫ ሳታይ ታድጋለች፣ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ግን ደግሞ አንድ ነገር ቅር አለኝ። እኔን በሰው ፊት እውነቱን ያፈረጠችብኝ ሰው አፍርጣው አልሄደችም፤ ሥራ እስክትገባ ድረስ ጠዋት ሙሉ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካው ነበር። ሊዲያ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትማራለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጃኬቷ ተቀምጧል።