ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ፦ ከጎፋ እስከ ፉሪ ማዶ በሁለት ሞተር

ጎፋ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣን። ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ አሁን አባርቷል። ጋሽ ሽፈራው ጋራዥ በር ላይ ሁለት ሞተሮች ቆመዋል። አንዱ ከጓደኛዬ የተዋስኩት አዲስ የጃፓን ሞተር ነው፤ ቀይ ቀለሙ ገና አልተጫረም። ሁለተኛዋ የጋሽ ሽፈራው የጣሊያን ሞተር ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ጋሽ ሽፈራው ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ሲጠግኑ ኖረው ለራሳቸው ያስቀሩት እሷን ብቻ ነው። "አሮጊቴ" ይሏታል። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠራት ግን ይቀየማሉ።

የጉዞው ሰበብ እኔ ነኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ በዝውውር ወደ አሰብ እሄዳለሁ፤ መቼ እንደምመለስ መሥሪያ ቤቴም አያውቅም። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ልኬ የለሊሴን አባት እሺ ማሰኘት አለብኝ። ለሊሴ ጎፋ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ ወላጆቿ ቤት ናት፤ አባቷ አቶ ደበላ ከፉሪ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዛሬ እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ስላለባቸው ከዚያ በፊት ቤታቸው መድረስ አለብን። መኪና ሊሰጠን ቃል የገባው ዘመዴ የቤንዚን ኩፖኑ አለቀበትና ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጋሽ ሽፈራው፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ደምሴ እና ንግግር አዋቂው መምህር ታደሰ። ሁለት ሞተር የሚይዘው አራት ሰው ነው። ስለዚህ አግቢው ራሱ ሾፌር ሆነ። ነውር ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባ የለ!

"አንተ ከአጥር ውጭ ትቀራለህ" አሉኝ ጋሽ ሽፈራው። "ሄልሜትህን እንዳታወልቅ። ከጠየቁህ ሾፌር ነኝ በል።"

የላፍቶ መንገድ፣ 12 ሰዓት

የእኔው አንዴ ሲረገጥ ተነሳ። አሮጊቷ ግን ወግ አላት። ቤንዚኗን ይከፍቱላታል፣ ሁለት ጊዜ በቀስታ ይረግጧታል፣ ሦስተኛውን በሙሉ ኃይል። ሳል ሳል ብላ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ፣ ከዚያ በኋላ ግን የማትቸኩል ሴት ናት።

በአዲሱ መሄድ ደስ ይላል። ጉድጓዱን ሞላው ይውጠዋል፤ ፍሬኑ በሁለት ጣት ይይዛል፤ ነዳጅ ሰጥ ሲያደርጉት ዘሎ ይሄዳል። አቶ ደምሴ ከኋላዬ ሆነው "ይኼማ አልጋ ነው" ይላሉ። አሮጊቷ ከኋላ ሞላ የላትም፤ ያላት ከመቀመጫዋ ሥር ያሉት ሁለት ጥምዝ ሽቦዎች ናቸው። መምህር ታደሰ በየጉድጓዱ "እግዚኦ!" ሲሉ ይሰማኛል። እኔ እየቀደምኩ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሷ በዚያችው በማትለወጥ ፍጥነቷ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም እኩል እየረገጠች ትደርሳለች።

ሀና ማርያም፣ 12 ሰዓት ከ40

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወረድን። ሽማግሌዎቹ ተሳልመው ሲመለሱ ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝኩ። መምህር ታደሰ ሥርዓቱን አስታወሱ።

"ቆመን ነው የምንናገረው። ተቀመጡ ቢሉንም እሺታቸውን ሳንሰማ አንቀመጥም።"

"ጉልበቴ እምቢ ካለኝስ?" አሉ አቶ ደምሴ። እውነታቸውን ነው፤ የግራ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል።

"ጥርስዎን ነክሰው ይቆማሉ እንጂ! የተቀመጠ ሽማግሌ ጉዳዩን ጨርሷል ማለት ነው።"

ጋሽ ሽፈራው በዚህ መሃል ጠሩኝና፣ ባልጠብቀው ልግስና፣ አሮጊቷን እስከ ድልድዩ ነድቼ እንድመለስ ፈቀዱልኝ።

"ልብ በል። ያንተው ማርሹ በግራ እግር፣ ፍሬኑ በቀኝ ነው። የእኔዋ ግልባጩ ናት። ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ። በል ድገመው።"

ደገምኩት። ቆማ ሳለች ለመግፋት ትከብዳለች፤ ስትሄድ ግን ክብደቷ ራሱ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ማቆም ሲፈልጉ ቀደም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። አዲሱ የቸኮለን ሰው ይቅር ይላል፤ እሷ አስተውሎ የሚነዳ ሰው ትፈልጋለች። ስመለስ ክንዴ ዝሏል፣ ጥርሴ ግን አልገጠመም።

ፉሪ፣ 1 ሰዓት ተኩል

አስፋልቱ ካለቀ ቆይቷል። ፊታችን የሐምሌ ጥቁር አፈር ነው፣ ጭቃው ከጎማ ላይ የማይላቀቅ። የእኔው መቶ ሜትር ያህል እየተንሸራተተ ሄደና ቆመ። ነዳጅ ስሰጠው የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቀጥሎ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ተጠቀጠቀና ጎማው ጭራሽ አልዞር አለ። የአሮጊቷ ክፍተት አራት ጣት ያስገባል። ጋሽ ሽፈራው በአንደኛ ማርሽ፣ ዱግ ዱግ እያሰኙ፣ እግራቸውን እንኳ ሳያወርዱ አለፉ። ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ዞረው አዩኝና የአሮጊቷን ታንከር በመዳፋቸው ዳበሱ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን ሰውዬ ጋሽ ሽፈራው በኦሮምኛ "አካም ቡልተን?" ብለው ሰላም አሏቸው። ሰውዬውም ሳንለምናቸው አዲሱን ሞተር አብረውን ገፍተው ግቢያቸው አስገቡልን። ስማቸውን ሳልጠይቅ መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል። እግዜር ይስጣቸው።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ጋሽ ሽፈራውና መምህር ታደሰ በእግር በማሳው ዳር ሊያቋርጡ ተስማሙ። አቶ ደምሴ በዚያ ጉልበት መራመድ ስለማይችሉ እኔ በአሮጊቷ ይዣቸው ልዞርና ከአጥሩ ራቅ ብዬ ላወርዳቸው ተባለ።

"ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ" አሉኝ ጋሽ ሽፈራው፣ እጀታዋን ሲያስረክቡኝ።

ከፉሪ ማዶ፣ 2 ሰዓት ከሩብ

መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት ስደግመው መጣሁ። ቤቱ ከቁልቁለቱ ግርጌ ታየን። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከአጥሩ ውስጥ የጎመን መደብ። በዚህ መሃል አንድ ውሻ ከጉድባው ዘሎ ወጣ። አፌ የደገመውን እግሬ አልሰማም፤ የለመደውን አደረገ። በቀኝ እግሬ በኃይል ረገጥኩ። አሮጊቷ መቆሟ ቀርቶ ማርሽ ጨመረች።

አጥሩን በርግደን ገባን። ስነቃ ሄልሜቴ አንድ ቦታ፣ እኔ ሌላ ቦታ። ሞተሯ በጎኗ ተጋድማ አሁንም ዱግ ዱግ ትላለች። አቶ ደምሴ ጎመን መደቡ መሃል ቁጭ ብለዋል።

"ተጎዱ?" ብዬ ሮጥኩ።

"ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን አላስነሳኝ አለ" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፍሬኑ እምቢ አለ በል፤ በአሮጌ ሞተር ማን ይፈርድብሃል?"

አቶ ደበላ ለስብሰባው ለባብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አጥራቸውን አዩ፣ ጎመናቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከበስተኋላዬ ጋሽ ሽፈራውና መምህር ታደሰ ጭቃ በጭቃ ሆነው እያለከለኩ ደረሱ።

"ምን ሆና ነው?" አሉ አቶ ደበላ ሞተሯን እያዩ። "ፍሬን የላትም?"

የጋሽ ሽፈራው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። በእሷ ላይ ማሳበብ አልሆነልኝም።

"ፍሬኗ ደህና ነው፣ አባባ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማርሹን በፍሬን ቦታ ረገጥኩ።"

"ሾፌሩ ነህ?"

ሄልሜቱ ከራሴ ላይ የለም። "አይደለሁም። ለሊሴን የማስጠይቀው እኔ ነኝ።"

መምህር ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ደበላ አቶ ደምሴን በከዘራቸው አመለከቱ።

"ልጅቷስ ነግራናለች። እኔ እስከ መኸር ላመላልሳችሁ ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን ሽማግሌው ተቀምጧል።"

"ይቅርታዎን፣ ጉልበቴ ነው..." አሉ አቶ ደምሴ ሊነሱ እየታገሉ።

"ተዉ፣ አይነሱ! የተቀመጠ ሽማግሌ ከደጄ አላስነሳም። እናንተም ግቡና ተቀመጡ።" ከት ብለው ሳቁ። "አንተ ግን አጥሩን ሳትሠራ ንቅንቅ የለም።"

እዚያው፣ 5 ሰዓት

አቶ ደበላ ከስብሰባቸው ተመልሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ውስጥ ይበላሉ፤ የመምህር ታደሰ ድምፅ ይሰማል፣ ያልተናገሩትን ንግግር አሁን እየተናገሩት ነው። እኔ ውጭ አጠና እተክላለሁ። አሮጊቷ ከግድግዳው ተደግፋለች፤ አንድ እጀታዋ ከመታጠፉ በቀር ደህና ናት። ጋሽ ሽፈራው ደግመው ደጋግመው ካዩዋት በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ገቡ። አዲሱን ሞተር ጭቃው ስላስቀረው፣ አሮጊቷ ስላልቆመች፣ የአቶ ደምሴ ጉልበት ስላልታዘዘ፣ ለሁሉም አመሰገንኩ። ከምስጋናዬ ብዛት ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴን በመዶሻ መታሁ።

ለሊሴ ሚስማር በጣሳ ይዛ ወጣች። ሰው ያያል ብላ ነው መሰል ፊቷን ወደ ጎመኑ አዙራለች።

"አሰብ ሹራብ ያስፈልጋል እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ምን ሊያደርግ! ሙቀት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ።"

"እንግዲያው ሹራቤን ለእህቴ እሰጣታለሁ" አለችና ሚስማር አቀበለችኝ።