የአርባ ዘጠኙ የፍጻሜ ጨዋታ

በዚያ የመጋቢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ከተማ፣ የአበሻ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አምስት ነበርን። መቀስ የያዘው ባለቤቱ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር፤ ወደ ዘጠና የተጠጉ፣ ከረባት ያሰሩ አንድ አዛውንት፤ በመኪና ያመጣቻቸው፣ እዚሁ በሰው አገር ተወልዳ ኮሌጅ የገባች የልጅ ልጃቸው፤ እና ተራዬን የምጠብቀው እኔ።

ቴሌቪዥኑ የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ያሳያል። ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው ጨዋታውን ያብራራልን ነበር። ከሚለው ግማሹ ስህተት ነው፤ ድምፁ ግን ከስፖርት ጋዜጠኛው ይበልጣል።

አዛውንቱ ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው ቀስ አድርገው ተናገሩ። «እኔ የኮሌጆችን ፍጻሜ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። በአርባ ዘጠኝ፣ ካንሳስ ሲቲ። ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶ በአንድ ነጥብ አለቀ።»

«ሦስት ጊዜ?» አለ ሾፌሩ። «አባባ፣ ኳስ ነው ወይስ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል?»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንስቶ ሳቀ። ሾፌሩ ስልኩን ከጨርቁ ሥር አወጣና ሰርች አደረገ።

«ይኸው! ናይንቲን ፎርቲ ናይን፣ ሲያትል! ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አባባ፣ ባቡሩ ተሳስቶ ነው ያወረደዎት?»

«ካንሳስ ሲቲ ነው» አሉ አዛውንቱ። ደገሙት።

ልጅቷ እጃቸውን ይዛ «ኢትስ ኦኬ፣ አያቴ» አለች፤ ሲዋሽ የተያዘ ሕፃን እንደሚባበለው። ከሳቁ ይልቅ የከፋው ይሄ ነበር። ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ ወጡ።

እኔ የገባኝ አውቶቡስ ላይ ነው። አርባ ዘጠኝ ያሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጨዋታው በመጋቢት ስለሆነ ስምንት ይደመራል፤ በፈረንጆቹ ሃምሳ ሰባት። ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ካንሳስ ሲቲ፣ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት፣ ሃምሳ አራት ለሃምሳ ሦስት።

ከእኛ መሃል ስምንት መደመር የማይችል አልነበረም። ሾፌሩ የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ የልደት ቀኑን ራሱ ቀይሮ ሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ የሳቀው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር ከሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆሞ ነው። ስልክ ሲናገር ግን ራስ መናገር ይተዋል። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ጨዋነት ብዬ ጠራሁት።

በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ ሄጄ ለሁለቱ ነገርኳቸው። «ያው ነው፣ በቃ» አለ ሾፌሩ። «ስምንት ዓመት ምን አላት?» ተሳፋሪ ስምንት ደቂቃ ሲያስጠብቀው ሳምንት ሙሉ የሚያወራ ሰው ነው ይህን ያለው።

አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላሉም። ግሌንዴል እንደሚኖሩ ብቻ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ዛሬም አያቷ ዋሽተዋል ብላ ታምናለች ማለት ነው።

እዚያ የነበራችሁ ሁለታችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የጎደለውንም ሙሉ። መኪናዋ ምን ዓይነት ነበር? ኮሌጇ የት ነው ብላ ነበር? አንቺም ይህን ካነበብሽ ወይም የሚያነብልሽ ካገኘሽ፣ ከእኛ ይልቅ አንቺ ጨምሪበት፤ አዳራሹ ውስጥ የት ጋ ተቀምጠው እንዳዩት ጠይቂያቸውና ጻፊልን።