አባዬ ስፒከር የገጠመ ቀን

ለመኪናዬ ስፒከር እያስገጠምኩ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሽቦ የሚበየድበት የስታኞ ጭስ ሲሸተኝ አባዬ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ነቀምቴ ግቢያችን ውስጥ፣ አባዬ የመኪናውን በር ፈትቶ ከአሮጌ ቴፕ የነቀለውን ትልቅ ስፒከር ይገጥም ነበር። መሥራቱን ለማየት ሽቦውን ከባትሪው ጋር አነካካው።

«ዱም!» አለ። ደግሞ «ዱም! ዱም!»

በዚያ ሰሞን ተኩስ ስንሰማ ሰንብተን ነበርና የጎረቤት በሮች ተራ በተራ ተዘጉ። አኮ፣ የአባዬ እናት፣ መሬት ላይ ጥላኝ በላዬ ተኛች። ልቧ ጀርባዬን ሲመታው ይሰማኛል።

አባዬ ሳቀ። «ስፒከር እኮ ነው፣ አዮ!» አለ እናቱን።

«አውቃለሁ» አለች ሳትነሳ። «ጠመንጃ የያዙት ግን አያውቁም። ቢመልሱልህስ?»

አባዬ ሳቁን ዋጠ። ሦስታችንም ወደ አጥሩ ጆሯችንን ጣልን።

አሁን መካኒኩ ሽቦውን ወደ ባትሪው አስጠግቶ «ልሞክረው?» ይለኛል። እኔ የማየው ወደ መንገዱ የተከፈተውን የጋራዡን በር ነው።