የእርድ ምራቂ

ጣቶቼ ላይ የእርድ ቢጫ ተጣብቆ ቀርቷል። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ ሞከርኩት፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ግን እምቢ አለ። እጄን ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋሁ ቁጥር ያ አፈር አፈር የሚል፣ ትንሽ መረር ያለ ሽታ ይመጣል። እሱን ተከትላ ደግሞ እናቴ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጊደር መጋላ ገበያ መሐል ቆማ።

እኛ ቤት ሁሉ ነገር ይጠረጠር ነበር። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ ሐረር የመጣው ሸማቾችን በሚጠብቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው። ሥራው የሸማቹን አቤቱታ ተቀብሎ ማጣራት፣ ሚዛን መፈተሽ፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያ ማስወረድ ነበር። ሥራውን ግን ቢሮ ትቶት አይመጣም። ዘይት ሲገዛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል። ማር ከሆነ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ይጠብቃል። ቅቤማ ቤታችን ሲገባ የሚደርስበት ምርመራ ሌባም ላይ አይደርስ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። እናቴ ደግሞ «አንተ ጠርጥረህ ጠርጥረህ እኛን መነጠርከን» ትለዋለች።

ከሁሉ የከፋው ምራቂ መከልከሉ ነው። ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሻጭ መዝና ስትጨርስ በእጇ ዘግና የምትጨምራት ያቺ ትንሽ ነገር ናት ደንበኛን ደንበኛ የምታደርገው። አባቴ ግን «ዛሬ ምራቂ፣ ነገ ጉቦ» ብሎ ቆረጠ። ምራቂ የማይቀበል ገበያተኛ ደግሞ ወይ ኩሩ ነው ወይ ሰላይ። እናቴ ሁለቱንም ተብላለች።

እርድ ሻጯ ብቻ ክልከላውን አልሰሙም። ጁገል ግንብ ውስጥ ተወልደው ያረጁ ሐረሪ ነበሩ። ሱቃቸው አንድ ሰው ቆሞ የሚሞላት ጠባብ ክፍል ናት፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ኳኳታ እስከዚያ ይሰማል። መዳፋቸው ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ በከተማው አንድም ዘመድ አልነበራትም፤ አጥሚት አፍልተው ያጠጧት፣ የእኔንም ገላ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ እሳቸውን ማን ይከለክላል? መዝነው ሲያበቁ አንድ እፍኝ ይጨምሩና «የልጆች ነው፣ ባልሽን አይመለከትም» ይሏታል። እናቴም ምራቂውን ለብቻ በወረቀት ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሸማች ቢሮ ቀርቦ አቤት አለ። የእሳቸው እርድ ቀለም የገባበት ዱቄት ነው አለ። የአቤት ባይ ስም በምስጢር ይያዛል፤ አባቴ ለእኛም ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ ሰውን ሁሉ ጠረጠርን። እናቴ መጀመሪያ ከአጥር ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን፣ ቀጥላ ከሱቁ ጎን የምትቸረችረውን ሴት፣ በመጨረሻም አባቴን ጠረጠረች። እኔ ሰላም ያላለኝን ሁሉ እጠረጥር ነበር። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ራት ላይ አባቴ እናቴን «ከእሳቸው የተቀበልሽው ነገር አለ?» አላት።

«ምን እቀበላለሁ?»

ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጫፉ ቢጫ ነው። አባቴ አየው። እናቴም ማየቱን አየች። እንጀራውን ትቶ ተነሣ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሳቸው ሱቅ ፊት ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ናሙናው ሦስት ቦታ ተከፍሎ እየታሸገ ነበር፤ አንዱ ላቦራቶሪ የሚላክ፣ አንዱ ቢሮ የሚቀመጥ፣ አንዱ ክርክር ቢነሣ ተብሎ እሳቸው እጅ የሚቆይ። እስከዚህ ደንብ ነው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ውጤቱ እስኪመጣ ሥራው ይቀጥል ነበር። አባቴ ግን የሱቁን በር ዘግቶ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፈበት።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ እኔ ሐራም አልሸጥኩም» አሉት።

«ውጤቱ ይናገራል» አላቸው፣ የገዛ ጫማውን እያየ።

እናቴ ቤት ጠብቃው ነበር። «ሌላውን ሳትዘጋ እሳቸውን ለምን ዘጋህባቸው?»

«የቤታችን ወዳጅ ናቸው። ባልዘጋ ሰው ምን ይላል?»

«አሁንስ ምን የሚል ይመስልሃል?»

ገበያው የሚለውን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ወዳጃቸው አሽጎባቸው ከሄደ አንድ ነገር ቢያገኝ ነው። ውጤቱም ዘገየ። ረመዳን ገባ፣ ገበያው ደራ፣ የእሳቸው በር እንደታሸገ ነው። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሱቅ ዞሩ። እናቴ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወች፣ ከሌላ ሰው መግዛትም አልወደደችም። አልጫችን ነጭ ሆኖ ከረመ። አባቴ ጠርጎ ይበላው ነበር፤ እኔ በዚያን ጊዜ በጣም ጠላሁት።

ውጤቱ ሲመጣ እርዱ ንጹሕ ሆነ። አባቴ እናቴንና እኔን አስከትሎ ሄደና ማኅተሙን በገዛ እጁ ቀደደው። ገበያው መሐል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ውጤቱን አነበበ፣ በኦሮምኛ የሚያስረዳለት ሰውም ጠራ። ደንቡ ይህን ሁሉ አያዘውም። ከዚያ ግማሽ ኪሎ እርድ እንዲመዝኑለት ለመናቸው።

መዘኑ። ትንሽ አለፈ፤ ቆንጥረው ወደ ጆንያው መለሱት። ሚዛኑ ልክ ሲቆም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልክ ነው፣ ጌታዬ። ይመልከቱት» አሉት፣ ልጄ ይሉት የነበረውን ሰው። እናቴ ነጠላዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

እናቴ ከዚያም በኋላ ከእሳቸው መግዛቷን አላቆመችም፣ እሳቸውም ሰላምታ አልከለከሏትም። ግን ልክ መዝነው፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል ይሰጧታል። ልክ የሆነ ሚዛን ሰው ያስለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እናቴ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ታለቅስ ነበር።

አሁን እሷ ካረፈች ዓመት ሊሆናት ነው። ትናንት ለሙት ዓመቷ አስቤዛ ልንገዛ ከአባቴ ጋር ወጣን። ጡረታ ወጥቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ሚዛን ግን አሁንም ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው። ያቺ ሱቅ አለች። እሳቸውም በሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የምትመዝነው የልጅ ልጃቸው ናት፣ ምራቂ መጨመሩን ግን ለማንም አልተዉም።

«አንድ ኪሎ» አለ አባቴ። ድምፁን የደበቀ መሰለኝ።

«ለምን ድግስ ነው?» አሉ እሳቸው።

«ለባለቤቴ ሙት ዓመት።»

እጃቸው ጆንያው ላይ ቆመ። ከዚያ ዘገኑ፣ ጨመሩ። ደግመው ዘገኑ። አባቴ መልሱ እንዳይላቸው ፈርቼ ፌስታሉን ቶሎ በጣቶቼ ቋጠርኩ። አላለም።

«የልጆች ነው» አሉ።

ከእኛ ጋር ልጅ አልነበረም።

ከገበያው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር አባቴ ቆም አለና «አላወቁኝም፣ አይደል?» አለኝ።

መጠርጠርን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አውቀውሃል ብዬ እጠረጥራለሁ» አልኩት።

ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና ፌስታሉን ተቀበለኝ። እስከ ቤት ድረስ በሁለት እጁ ይዞት ሄደ።