እማማ ኦቲሊየ ቤተ ክርስቲያን ሲመርጡ

እማማ ኦቲሊየ ለልጃቸው ደውለው «ቤተ ክርስቲያን ልመርጥ ነው፤ ቅዳሜ አብራችሁኝ ትዞራላችሁ» ሲሉት፣ ቡርክሃርት የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ልትሞት ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው፤ ክረምቱንም ሲያስሉ ነው የከረሙት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ፣ ሲልከ የምትባል ሚስቱንና ሜርለ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጁን አስከትሎ፣ ለቀስተኛ መስሎ መጣ። እኔ የምኖረው ከእማማ ኦቲሊየ ሥር ባለው ፎቅ ነው። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «አንተም ና፤ ዳኛ ሳያስፈልገን አይቀርም» ብለው ክንዴን ያዙኝ።

እማማ ኦቲሊየን የማያውቅ የኮሎኝ ሰው ቢኖር ዓሣ የማይበላ ብቻ ነው። የተወለዱት የዓለም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ከተማው ገና የጡብ ክምር ሳለ ነው። ጣሪያቸው የተገነጠለ አብያተ ክርስቲያናት መጫወቻ ሜዳቸው ነበሩ። «መሠዊያው ሥር ስደበቅ እግዜር እንኳ ፈልጎ አላገኘኝም» ይላሉ። ከፍ ሲሉ ገበያ ወጥተው ዓሣ ሸጡ፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሸጡ። ባላቸው ቴዎ የትራም ነጂ ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ዝምታው ለጉድ ነበር። «ቴዎ ተቆጥቶኝ የሚያውቀው በእንቅልፍ ልቡ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ቅዱስ ጌሬዮን ሄድን። ቡርክሃርት ባርኔጣውን አውልቆ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። እናቱ ቀና ብለው ጉልላቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ መሠዊያው የሚያወጣውን ደረጃ አዩና ከንፈራቸውን ጣሉ።

«ደረጃው በዛ። በዚህ ጉልበቴ?»

«እማዬ፣ ስለ እሱ አትጨነቂ» አለ ቡርክሃርት ድምፁ እየተሰበረ፤ «ሰዎች ይሸከሙሻል።»

«ምን ሆኜ ነው የሚሸከሙኝ? በእግሬ ነው የምገባ!»

ቡርክሃርት ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ ጃጀች ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ቅድስት ኡርሱላ። እዚያ ግድግዳው በሙሉ በሰው አጥንት የተዋበ አንድ ክፍል አለ። ከቅድስቲቱ ጋር የተሠዉት አሥራ አንድ ሺህ ደናግል አጥንት ነው ይባላል። ሜርለ በደስታ ልትበር ደረሰች።

«አያቴ፣ ይኼ ሁሉ የድንግል ነው?»

«አሥራ አንድ ሺህ ድንግል፣ ያውም ኮሎኝ ውስጥ!» አሉ እማማ ኦቲሊየ። «ግማሹ የውሻ ካልሆነ ምን አለች በይኝ።»

«ድንግል ግን ምንድን ነው?»

«ከዚህ ከተማ ድሮ የጠፋ ነገር ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ኧረ እማማ!» አለች ሲልከ፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር። ጠባቂዋ ሴትዮ «እሽሽ!» አለችን።

«ለማንኛውም እዚህ አይሆንም» አሉ አሮጊቷ ሲወጡ። «ፎቶ ስነሳ ከኋላዬ የራስ ቅል እንዲያገጥጥብኝ አልፈልግም።»

«የምን ፎቶ?» አለ ቡርክሃርት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ቢራ ቤት ገባን። አስተናጋጁ እንደ ከተማው ወግ ገላምጦን፣ ሳናዝ ትንንሾቹን ብርጭቆዎች ደረደረልን። እማማ ኦቲሊየ «ሰማይና ምድር» አዘዙ፤ የተፈጨ ድንችና ፖም፣ ከላዩ ደም የተሞላ ቋሊማ። ገና ሹካቸውን ሲያነሡ ቡርክሃርት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ በቃ አትደብቂኝ። ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«የቱ ሐኪም?»

«ቤተ ክርስቲያን የምታማርጪው ለቀብርሽ አይደለም እንዴ?»

እማማ ኦቲሊየ ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንተ ሟርተኛ! ላገባ ነው እንጂ!»

የሲልከ ቢራ በአፍንጫዋ ወጣ።

«ማንን?» አለ ቡርክሃርት።

«እንግልበርትን።»

«የቱን እንግልበርት?»

«የመቃብር ቆፋሪውን ነዋ። አባትህን የቀበረውን።»

ቡርክሃርት ቀስ ብሎ «አባዬን የቀበረውን ሰውዬ?» አለ።

«ምን አለበት? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አባትህ እስካሁን ተነስቶ አልመጣም!»

ነገሩ የተጀመረው በአበባ ነው አሉ። የቴዎን መቃብር አበባ ሲያጠጡ እንግልበርት ከኋላቸው መጥቶ «እመቤቴ፣ ሟቹን ሊያሰጥሟቸው ነው እንዴ?» አላቸው። ተሰዳደቡ። በሳምንቱም እንደገና ተሰዳደቡ። በሦስተኛው ሳምንት እማማ ኦቲሊየ ለስድቡ ብለው ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ሄዱ።

አስተናጋጁ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ኖሮ ሌላ ዙር ይዞ መጣ። «ለቀብርም ለሰርግም ቢራው ያው ነው» አለ። ቡርክሃርት ግን ካፖርቱን አንስቶ ውልቅ አለ። ሲልከ ልትከተለው ስትነሳ አማቷ «ተቀመጪ፤ የመኪናው ቁልፍ አንቺ ዘንድ ነው፣ የትም አይደርስ» አሉና ቋሊማቸውን እስከ መጨረሻው አጣጥመው በሉ።

ያገኘነው ከታላቁ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ካፊያው እየመታው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። እናቱ አጠገቡ ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ቆምን፤ ቢሆንም የዓሣ ሻጭ ሹክሹክታ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

«አባዬን ረሳሽው» አላቸው።

«ቴዎ ዘንድማ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። አይመልስልኝም። በሕይወት እያለም አይመልስልኝም ነበር። ግን ራት ስንበላ ሹካው ሳህኑን ሲነካ ይሰማኝ ነበር። አሁን የሚሰማኝ የራሴ ሹካ ብቻ ነው፣ ቡርክሃርት።»

ቡርክሃርት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞረ።

«ታዲያ እዚህ ልታገቢ ነው?»

«እዚህማ ያገባሁት አባትህን ነው! እኔ እንደዚያ ዓይነት ሴት መሰልኩህ? ቅዱስ ኩኒበርት ይሻላል፤ ወለሉ ለጥ ያለ ነው፣ ወንዙም ደጁ ላይ ነው።»

ቡርክሃርት አፍንጫውን ጠረገና «እዚያ እኮ መኪና ማቆሚያ የለም» አለ። ሲልከ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ባሏን ታውቀዋለች፤ መኪና ማቆሚያ ካሰበ ተስማምቷል ማለት ነው።

ሰርጉ በጥቅምት ሆነ። እማማ ኦቲሊየ የባሕር ቀለም ቀሚስ ለበሱ። እንግልበርት ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነው። ኦርጋኑ ጀመረ፤ ቄሱ ቀደሙ፣ እኛም ተሰልፈን ወደ ውስጥ መራመድ ያዝን። ግማሽ መንገድ ላይ ሙሽሪት ወደ ጎናቸው ቢዞሩ ሙሽራው የለም። እንግልበርት ዕድሜ ልኩን በየቀብሩ እንደለመደው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ቀስ እያለ ይከተላል።

«እንግልበርት!» ብለው ጮኹ እማማ ኦቲሊየ፤ «ዛሬ እኮ የምትሄደው ከፊት ነው!»

ኦርጋን መቺው በሳቅ ዜማው ጠፋበት። ቡርክሃርት ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ያንን ሰፊ መዳፍ ይዞ በሰዉ መሃል እያሳለፈ ወሰደውና እናቱ ጎን አቆመው።