ስም የማትጠይቀው መልማይ

አገርነሽ ኳስ ስታይ ኳሱን አታይም። ጎል ገብቶ ሕዝቡ ሲነሣ እሷ አንገቷን ወደ ሌላ በኩል አዙራ፣ ከግርግሩ ርቆ የቆመውን አንዱን ተጫዋች ስትመለከት ትገኛለች። «ማን አገባ?» ብላ አጠገቧ ያለውን ሰው የምትጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደ ለየላት ይቆጥራታል። ኳስ ይዞማ ማንም ያምራል ባይ ናት፤ ተጫዋች የሚታወቀው ኳሷ ሌላ ሰው እግር ሥር ስትሆን ነው።

ቀን ቀን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ጨርቁ በፊቷ ሲያልፍ የተበጠሰውን ክርና የሳሳውን ቦታ እየለቀመች ታወጣለች። በወጣትነቷ ለፋብሪካው የሴቶች ቡድን በመስመር አጥቂነት ተጫውታለች። ጉልበቷ አሻፈረኝ ብሎ ከሜዳ ሲያስወጣት ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም። የዘንባባ ክለብ አሰልጣኝ ግሩም በዚህ ዓይን ያምናል። እሷም ቅዳሜና እሑድ ከሜዳ ሜዳ እየዞረች ተጫዋች ትመለምልለታለች። «ይሆናል» ያለችው ይሆናል፤ «አይሆንም» ያለችውን ደግሞ ሽማግሌ ቢላክባትም አትመልሰውም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም።

አንድ ደንብ አላት፤ የምትመለምለውን ልጅ ስም አትጠይቅም። የማልያው ቁጥር ይበቃታል።

ደንቡ ከሰማይ አልወረደላትም። ሥራውን እንደጀመረች አንድ የመሸንቲ ልጅ አይታ ወደደችና ስሙን ጠየቀችው። እሱም የአባቱን ስም ጨመረላት፣ ከዚያ የእናቷ አገር ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሚያመልጠው ኳስ ሁሉ የሜዳው ጥፋት፣ የሚቀማው ሰው ሁሉ የዳኛው ጥፋት ሆነባት። አስመረጠችው፤ ክረምቱ ሳይወጣም ተቀነሰ። ግሩም «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ቀለደባት። ያ ቀልድ እስከ ዛሬ ይቆረቁራታል። እውነትም በእኛ አገር ስም ብቻውን አይመጣም፤ አገሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የአያቱን ደጅ ሳይቀር አስከትሎ ነው የሚመጣው። እሷም ሁሉንም ከበር ለመመለስ ብላ ስሙን ተወችው፤ በዚህም በጣም ትኮራ ነበር።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ዘንባባ አንድ የግራ መስመር አጥቂ ብቻ የሚወስድበት ቦታ ነበረው። የክለቡ ቦርድ ከሌላ ከተማ በውሰት በሚመጣ ተጫዋች ላይ ዓይኑን ጥሏል። ግሩም ደግሞ ልቡ በአንድ የኮሌጅ ቡድን አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ነበር። ልጁ ሦስት ሰው አልፎ ጎል ሲያገባ የሚያሳየውን ቪዲዮ በስልኩ ይዞ ላገኘው ሁሉ ያሳያል። አገርነሽ ቪዲዮውን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። በቪዲዮ ያላማረ ሙሽራ የለም አለችው። ልጁ ዘንድሮ ተመራቂ ነው፤ አሁን ክለብ ካልያዘው ኳሱ ከምርቃት ጋውኑ ጋር ተሰቅሎ ይቀራል። ግሩም ሐሙስ ጠዋት ለቦርዱ አንድ ስም መስጠት አለበት። ስለዚህ ረቡዕ ከፋብሪካ አስፈቅደሽ እይልኝ፣ ያንቺ ቃል የእኔ ቃል ነው አላት።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አገርነሽ ዐቢይ ጾምን የምትጾመው በደንቡ ነውና ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እንደወትሮዋ የምትገድፍበት ሰዓትም በጨዋታው ተበላ። ፀሐዩ ደግሞ ግንባር ይፈልጣል።

እስከ ረፍት ድረስ ልጁ ራስ ምታቷን አስረሳት። ኳሷ ሳትደርሰው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ፍጥነቱን ቀንሶ ተከላካዩንም ያስቀንሰዋል፣ ከዚያ ድንገት ይፈተለካል። በግራ ምልክት አሳይቶ በቀኝ የሚታጠፍ የባጃጅ ሹፌር መሰላት። ደስ አላት፤ ግን ደስታዋን ማንም እንዳያይባት ፊቷን አጠቆረች።

ከረፍት በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ኳስ ሲቀማ ተከትሎ አይመለስም፤ ወገቡን ይዞ ይቆማል። ይባስ ብሎ ከኋላው ያለውን የግራ ተከላካይ እጁን እያወናጨፈ ያዘዋል። የቡድኑ ውኃ አቀባይ ጠርሙስ ይዞለት እየሮጠ ሲመጣ በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገና ፊቱን አዞረበት። ይሄኔ አገርነሽ ቆረጠች። መጨረሻ ላይ ልጁ በመስመሩ አንድ ጊዜ ፈትለክ ብሎ ያሻማት ኳስ ጎል ብትሆንም ፍርዷን አላላላትም።

ከሜዳው ሳትወጣ ለግሩም ደወለችለት። አይሆንም አለችው። እግር አለው፣ ልብ ግን የለውም፤ ጓደኞቹን የሚያዝ፣ ውኃ ያመጣለትን ሰው እንኳ የሚንቅ ጥጋበኛ ነው። ግሩም፣ እንግዲያው የውሰቱን ተጫዋች ስም እሰጣለሁ ብሎ ዘጋው። አንጀቱ እንዳረረ ድምፁ ያስታውቃል። እሷ ግን ከጥቅሉ ላይ እንከን ያለበት ጨርቅ እንዳወጣች ሁሉ ቀለል አላት።

ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ቤቷ በባጃጅ መሄድ ስትችል፣ ነፋስ ቢቀበለኝ ብላ በጣና ዳር ዳሩን በእግሯ ተያያዘችው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጀልባ የሚሠራበት ቦታ ስትደርስ ጥቂት ሰዎች በአንድ የተገለበጠ ጀልባ ጥግ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ የውኃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣ፣ ብርጭቆውን ብቻ እያየ ይጠብቃል። አሥራ አንድ ቁጥሩ ነው።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ልጁ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ውኃውን ጠጣ፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣ። አገርነሽ እመንገዱ ላይ ደርቃ ቀረች። ረመዳን! ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች መግጠማቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። አብራት የምትሠራው ሳዲያ በምሳ ሰዓት ከጎኗ ተቀምጣ ሁለቱም ሳይበሉ ሲያወጉ ነው የሰነበቱት። ልጁን ግን ቁጥር እንጂ ጾመኛ ይሆናል ብላ አላሰበችውም። እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው፣ ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ በሮጠ ሰው ላይ ፈርዶበታል። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እሷ ወደ ምንጣፉ ሄደች። ጀልባ ሠሪው ሽማግሌ፣ ማን እንደሆነች ሳይጠይቅ፣ «ነይ እቱ፣ ቁጭ በይ፤ አብረን እናፍጥር» ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ሳምቡሳ ሲያቀርቡላት እጇን ሰበሰበች። ሽማግሌው ገባውና ሳቀ። ዘንድሮ ጎረቤቱም ስለሚጾም ቤታቸው ሳምቡሳ የሚጠበሰው በምስር ብቻ እንደሆነ ነገራት። ብርጭቆ የያዘው ወጣት የራሱ ልጅ ነው፤ ሲመረቅ ጀልባውን አብረው ሊሠሩ አስቧል፤ ኳሱ እንደሆነ የልጅነት ነገር ነው፣ ማንም አይወስደውም አለ። አገርነሽ የጎረሰችውን ሳምቡሳ ዋጠችና ወደ ልጁ ጠጋ አለች።

ልጁ ግን አውቋታል፤ ኳስ የሚያሳድድ ሁሉ ያውቃታል። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ጾመኛ መሆንህን ለምን አልነገርኸኝም?» አለችው።

«እርስዎ ስም አይጠይቁም ይባላል፣ እትዬ» አለ ልጁ። «ማን ነኝ ብዬ ልንገርዎ? ደግሞስ ጾምን ሰበብ ማድረግ ነውር አይሆንም?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ያየችውን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ለምን እንደቆመ፣ እጁን ለምን እንዳወናጨፈ፣ ያንን ጠርሙስ ለምን እንደገፋ።

«ከረፍት በኋላ እግሬ ሁለቱንም እንደማይችል አወቅሁ» አላት። «ወደ ኋላም ልመለስ ወደ ፊትም ልሂድ ብል ሁለቱም ይበላሻል። አለበልን፣ ተከላካያችንን፣ አንተ ከኋላ ዝጋልኝ፣ እኔ አንዲቷን ሩጫ ልቆጥባት አልሁት። እሱን ነበር በእጄ የማሳየው።» ባዶውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ጠርሙሱን ደግሞ እንዳላየው ብዬ ነው ፊቴን ያዞርሁ። ካየሁት እጠጣዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

አገርነሽ የዚያችን የመጨረሻ ሩጫ ነገር አሰበች። ዓይኗ አልሳተም ነበር፤ ሁሉንም አይታለች። የሳተችው ማንን እንደምታይ ነው። ስልኳን አወጣችና እዚያው ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ለግሩም ደወለች። ልጁ ይሆናል አለችው፤ ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ ጨዋታውን ሙሉ ተጫውቷል፣ ጉልበቱን እንደ አዋቂ ከፋፍሎታል፣ ጎሉንም በቆጠባት ሩጫ አምጥቷል። ግሩም ደስ ቢለውም ቦርዱን ፈራ። ረመዳን እኮ በየዓመቱ አለ ይሉኛል አላት።

«ዐቢይ ጾምም በየዓመቱ አለ፤ እኔን ማን ቀነሰኝ?» አለችው። «ጾሞ ይህን ከሠራ፣ በልቶ የሚሠራውን አስበው።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

«የወለድሁት የለኝም፣ ግሩም። የተናገርሁት ይጥፋ። ጠዋትም ከፋብሪካ አስፈቅጄ ከቦርዱ ፊት እቆማለሁ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ግሩም በረጅሙ ተነፈሰ። እንዲህ ከሆነ እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ፣ የውሰቱን ተጫዋች ትቼ ይህንኑ ልጅ አቀርባለሁ አላት። አሁኑኑ ልጻፈው፣ ስሙን ንገሪኝ አለ።

አገርነሽ ሳምቡሳቸውን በልታ፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጣ፣ እስካሁን አልጠየቀችም። ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደ ልጁ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ማን ልበል?»

«አሕመድ» አላት ቀና ብሎ። «አሕመድ ሱሌማን።»

«አሕመድ ሱሌማን» አለች ለግሩም፤ ሽማግሌውም እንዲሰማ ብላ ጮክ አድርጋ ደገመችው። ሱሌማን የተገለበጠውን ጀልባ ተደግፎ ልጁን ብቻ እያየ ሳህኑን ወደ አገርነሽ ገፋ አደረገላት። አገርነሽም ስልኩን ዘግታ ሁለተኛውን ሳምቡሳ አነሣች።